ባቄላ የምታክል ዝሆን

አርባ አራት ዓመቴ ነው። አውቶቡስ እነዳለሁ፤
በቤርሼባ ጎዳና ስምንት ቁጥርን ይዤ ስመላለስ እውላለሁ።
መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ የጡረታ መዋጮ፣ የጉልበት ሕመም፣
አሥራ ስድስት የሞላት ልጅ፣ የቤት ብድር፣ ያላለቀ ዘንድሮም።
ዝሆንም አለችኝ።
ባቄላ ታክላለች። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አልተለየችኝ።

ያኔ በካራቫኑ መንደር፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣
እናቴ ዕብራይስጥ ልትማር ሄዳ ቶሎ ሳትመጣ፣
ከጫማዬ ውስጥ አገኘኋት፤ ጆሮዋን እንደ ማራገቢያ ዘርግታ፣
«ሞቆኛል» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ረስታ።
ሰው ሲያድግ እንዲህ ያለውን ይጥላል ይላሉ፤ እኔ አልጣልኩም።
ፈተና ስቀመጥ፣ ስዳር፣ ስፈታ ኪሴ ነበረች፤ ለማንም አልነገርኩም።

ትናንት ደመወዝ ወጣ። መናኸሪያው ጥግ ካለችው ሱቅ ገባሁ፤
«ሽቶ» አልኳት ሉድሚላን። «ለማን?» ስትል ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽ ዋሸሁ፦
«ለራሴ።»
መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ።

ወረቀት ነክራ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆነብኝ፣
ክራባቱን ሳይፈታ የተኛ። ሁለተኛው የቀድሞ አማቴ፤ ገና ሳልቀርባት ሰነፈጠችኝ።
ሦስተኛው ጣፋጭ ነበር፤ ግን ከሹፌሩ ጀርባ ቆሞ
በየፌርማታው የሕይወቱን ታሪክ የሚያወራ ተሳፋሪ፣ ደግሞ ደጋግሞ።

«አትቸኩዪ» አለች ሉድሚላ። «ወረቀት አያልበውም፤ ቆዳሽ ነው የሚያውቀው።
አፍንጫሽ ሲደክም የክንድሽን እጥፋት አሽትቺ፤ የራስሽ ጠረን ነው የሚያነቃው።
አትፈትጊው ደግሞ፤ አንጓሽ ላይ ጣል አድርገሽ ተዪው፤
መጀመሪያ ይዋሻል። ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ፣ ያኔ ስሚው።»

ከአራተኛው ብልቃጥ አንጓዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ፤
እስከ ራሞት ነድቼ፣ በአሮጌው ከተማ ዞሬ መጣሁ።
አንድ መብራት ላይ፣ ቀዩ አልለቅ ሲለኝ፣ እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

የመጀመሪያው ዝናብ ነበር፤
ከሰባት ወር አቧራ በኋላ በረሃው አፉን ሲከፍት፣
የራሰ ካርቶን፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የካራቫኑ ደረጃ ብረት።
ከኪሴም ሥር፣ ከቲኬት ቁራጭና ከሳንቲም መካከል
ትንሽ ኩምቢ ብቅ አለ፦ «ይኼኛው፣ ይኼኛው ይሻላል።»
ከኋላዬ ጡሩምባ ተነፋ። አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል።

ማታ ተመልሼ ገዛሁት። የአቪያን የስፖርት ጫማ ግማሽ ዋጋ ያህላል።
ልጄ አንገቴን አሽትታ «እማ፣ ይኼ እኮ ጭቃ ነው» ብላ ሣቀች፤
«ለአንቺ ዕድሜ ጽጌረዳ ነበር» አለች። ከአሁኑ ምን ያህል አርጅታለች!

ዛሬ ጠዋት ከጆሮዬ ጀርባ አንድ፣ ከታማሚው ጉልበቴ ጀርባ አንድ ጠብታ፤
ኪሴ ውስጥም አንድ፣ እሷም ድርሻዋን አግኝታ።

አዛውንቱ ናፍታሊ፣ ማቀዝቀዣው ሲበርድ በብርዱ፣ ሲሞቅ በሙቀቱ የሚነጫነጩት፣
ካርዳቸውን አስነክተው ቆም አሉ። አየሩን ሁለቴ ሳቡት።
«ውጭ ጠብ ያለ ነገር የለም» አሉ፤ «እዚህ ግን ዘንቧል። ምንድን ነው?»
ስንት መልስ ነበረኝ፦ ስሙ፣ ዋጋው፣ ሱቁ የት እንደ ሆነ።
«ዝሆኔ ታጥባ ነው» አልኳቸው።

ራሴው ደነገጥኩ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ምስጢር፣
በሰኞ ማለዳ፣ በሩ እንኳ ሳይዘጋ!

በመስታወት አየኋቸው። ሄደው ተቀመጡ፤
ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ፤
ጥቂት አሰቡ፤
ከዚያ ሁለት እግራቸውን ከመተላለፊያው ቀስ ብለው ሰበሰቡ፣
እንድታልፍ።

ባቄላ እንደምታክል አልነገርኳቸውም።